የአጎቷ እሺታ

አቱፔሌ የወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የምታየው የአጎቷን ፊት ሳይሆን ገመዱን ነበር። ገመዱ ከተሰበረው እግራቸው ተነስቶ በአልጋው ግርጌ ባለው መዘውር ላይ ያልፍና ወደ ታች ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ከረጢቱ በቦታው መኖሩን ሳታረጋግጥ ወደ ውስጥ አትገባም። በየጠዋቱ ምግቡን በጨርቅ ጠቅልላ ደረጃውን ስትወጣ፣ ገመዱ ተበጥሶ፣ አጥንቱ ዳግም ተለያይቶ፣ አጎቷ በላብ ተጠምቀው ነው የሚታዩዋት። አንድም ቀን እንዲያ ሆኖ አያውቅም። እሷ ግን ዛሬ ያልሆነው ሁሉ ለነገ የተቀጠረ ይመስላታል።

አጎቷ ላይሰን በቲዮሎ የሻይ እርሻ የለቃሚዎች አለቃ ናቸው። በዝናቡ ወራት ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው ቀኝ ጭናቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያ ያያሉ። በዚያው ሳምንት እንደሳቸው ጭናቸውን ተሰብረው የመጡ አንድ ሽማግሌ የሚኒባስ ሾፌር ግን ብረት ገብቶላቸው በክራንች ወደ ቤታቸው ከሄዱ ቆይተዋል። ሾፌሩ ሲሰናበቱ ለአጎቷ፣ የእኔ መኪና ሞልታለች፣ ያንተ እስክትሞላ ትንሽ ጠብቅ ብለዋቸው ክፍሉ በሙሉ ስቋል። አጎቷም ስቀዋል። አቱፔሌ ብቻ አልሳቀችም።

ሁለቱን ሰዎች የለያቸው ዕጣ ነው። በዚያ የሚሲዮን ሆስፒታል በየክፍሉ ጥናት አለ። በማዋለጃው ስለ ደም መፍሰስ ያጠናሉ፣ በሕፃናቱ ክፍል ስለ ሳንባ ምች፣ በዓይን ክፍል ስለ ሞራ። አስታማሚዎቹ በመጠለያቸው የበቆሎ ገንፏቸውን ንሲማ እያማሰሉ፣ ነገ ደግሞ የወጣችንን ጨው ሊያጠኑት ይመጣሉ ይባባላሉ። በአጥንት ክፍል የተያዘው ጥናት፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው የተሰበረ ጭን ብረት ማስገባት ይሻላል ወይስ በክብደት እየሳቡ ማቆየት የሚል ነው። ሁለቱም ለዓመታት ሲሠራባቸው ኖረዋል፤ የቱ እንደሚበልጥ ግን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ለጥናቱ ፈቃዱን የሰጠ በሽተኛ ኮምፒዩተሩ ዕጣ ያወጣለታል። ለሾፌሩ ብረቱ ወጣላቸው። ለአጎቷ ገመዱ።

የበሽተኞቹን ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ዕጣውን የሚያስወጣው ደግሞ ሊምባኒ ነው።

ዶክተር ሊምባኒ ማንዳላ የዋና ከተማዋ የሊሎንግዌ ዳኛ ልጅ ነው። አቱፔሌ በሆስፒታሉ ስፌት ቤት የቀዶ ሕክምና ጋውንና አንሶላ ትሰፋለች። ባለፈው ዓመት እጅጌው ያጠረው ጋውን ይዞ መጣ፤ አስረዘመችለት። በሳምንቱ የተተረተረ ስፌት ይዞ መጣ፤ ጠቀመችለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ክሩ በምላጭ የተቆረጠ መሆኑን ከጫፉ አወቀች፤ ቀና ብላ ስታየው እሱም እንዳወቀች አውቆ ጆሮው ድረስ ቀላ። ፍቅራቸው እንዲያ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት ከአንሶላ ማስጫው ጀርባና የሆስፒታሉ ሠራተኛ በማይሳፈርበት ፌርማታ ብቻ ነው። እናቴን ቀስ ብዬ ልንገራት አለ። ከዚያ ዝናቡ ያባራ አለ። ከዚያ ጥናቱ ይለቅ አለ።

በአቱፔሌ ወገን ጋብቻ የሚነጋገሩት አጎቶች ናቸው። የልጁ አጎት ወደ ልጅቱ አጎት ይመጣል፣ የልጅቱ አጎትም መልሱን ይዞ ይሄዳል። አባቷ በሕይወት የሉም፤ ቢኖሩም እንኳ ለእናቷ ቤት ሴቶች ሁሉ አፍ የሆኑት አጎቷ ላይሰን ናቸው። እሳቸው ካልቆሙ ማን ይናገርላታል? ከአልጋው ባይነሱስ?

አንድ ቀን ጠዋት ሊምባኒ ከሌሎቹ ሐኪሞች ጋር በሽተኞቹን ለማየት ለዙር ሲመጣ አቱፔሌ አጎቷን ንሲማውን በደረቅ ዓሣ እያጎረሰቻቸው ነበር። ሳህኑን ይዛ ግድግዳውን ተጠጋች። ሊምባኒ ገመዱን ነካ፣ የእግራቸውን ጣት እንዲያንቀሳቅሱ ጠየቃቸው፣ የሚያምዎት ነገር አለ ወይ አላቸው። ደህና ነኝ አሉ። ወደ ነርሷ ዞሮ ስለ ጀርባቸው ቁስል አንድ ነገር አለ። ቁስል የሚለውን አቱፔሌ ከዚያ በፊት አልሰማችም። ዓይኑን ፈለገችው። እሱ ግን ከትከሻዋ በላይ መስኮቱን እያየ፣ አስታማሚዋ ጀርባቸውን ቶሎ ቶሎ ታሽላቸው ብሎ ለነርሷ ነገራት።

አስታማሚዋ። ስሟን በጆሮዋ እያቆላመጠ የሚጠራት ሰው እንዲያ አላት። ዙሩ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ፤ እሷ ደግሞ ንሲማው በእጇ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ቆማ ቀረች።

* * *

ስፌት ቤት ስትገባ እትዬ ኤስናት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጠበቋት። የስፌት ቤቱ አለቃ ናቸው፤ ከመርፌው ይልቅ ምላሳቸው ይወጋል፤ የአቱፔሌን ምስጢር በሆስፒታሉ ውስጥ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው። የዶክተሩ እናት ከሊሎንግዌ መጥተዋል አሏት። እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ከፊት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ረጅም ቀይ ልጅ ነበረች፣ ፋርማሲስት ናት ይላሉ፤ ጫማዋ ሲንቋቋ ቄሱ ስብከታቸውን አቁመው እስክትቀመጥ ጠበቋት።

አቱፔሌ መልስ ሳትሰጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት።

«አንቺ ልጅ» አሉ እትዬ ኤስናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህንን ጋውን ስንት ዓመት ሰፋሽ? ከኋላ ነው የሚታሰረው። ያንቺም ሰውዬ እንደዚያው ነው፤ ከፊት ሲያዩት ቋጠሮው አይታይም። እኔ ብሆን ግን ፊቱን አዙሬ አየው ነበር።»

ቀኑን ሙሉ ፋርማሲስቷን እያሰበች ሰፋች። ሠርጋቸውን አየች፣ ልጆቻቸውን አየች፣ አንደኛው ልጅ ታሞ እዚሁ ሆስፒታል ሲመጣና እሷ የሰፋችው አንሶላ ላይ ሲተኛ ሁሉ አየች። ከሰዓት በኋላ ጋውኖቹን ስትቆጥር አንዱ አንድ እጅጌ ብቻ እንዳለው አገኘች፤ ሳቅም ዕንባም እየቀደማት ሁለተኛውን ቀጠለችለት።

* * *

አመሻሹ ላይ ሊምባኒ ከአንሶላ ማስጫው ጀርባ ሲመጣ ገና ሰላም ሳይላት ስለ ቁስሉ ጠየቀችው። ገና መቅላት ብቻ መሆኑን፣ ወደ ቁስል እንዳይሄድ ብሎ እንደተናገረ በትዕግሥት አስረዳት። ትዕግሥቱ አናደዳት።

«ከዕጣው አውጣቸው» አለችው። «ብረቱን አስገባላቸው።»

«አልችልም፣ አቱ። ያንቺ አጎት ስለሆኑ ባወጣቸው፣ እዚያ ማዶ የተኙት ሰውዬስ? እሳቸውን የሚያወጣላቸው ማን አላቸው?»

«እኔ ማዶ ያሉትን አላውቅም።»

«እኔ ግን የሁሉም ሐኪም ነኝ።»

ሾፌሩ ትናንት ተመልሰው መምጣታቸውን ነገራት። ብረቱ የገባበት ቦታ መግል ይዟል፣ ትኩሳት አላቸው። አጎትሽን ከሱ ያተረፋቸው ገመዱ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ አላት። አቱፔሌ ለሾፌሩ ደነገጠች፤ ከዚያም እሱ ትክክል በመሆኑ የባሰ ተናደደች። ከጥናቱ መውጣት የአጎቷ መብት እንደሆነ፣ አንድ ቃል ቢናገሩት ዛሬውኑ እንደሚያስወጣቸው፣ ግን በጠየቃቸው ቁጥር ደህና ነኝ ከማለት በቀር ምንም እንደማይሉት ነገራት።

«እሺ ያሉት ራሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ጥያቄ አለዎት ወይ ብላቸው የለኝም አሉ።»

«ዝናቡ ሲያባራ አጎቴን እልካለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች። «ሰማዩን አየኸው?»

ሊምባኒ ሰማዩን አላየም። ሰው እንዳይመጣ መንገዱን አየ። «ትንሽ ታገሺኝ» አለ።

ያን ምሽት ደብዳቤ ጀመረችለት። «ውድ ሊምባኒ» ብላ ጻፈች። ውድ የሚለውን ሰረዘችው፤ ሊምባኒ ብቻውን ሲቀር በጣም ያሳዝን ነበር። ወረቀቱን ቀደደችው። የሚያስቆጣት እሱ አይደለም አለች ለራሷ፤ የሚያስቆጣት ያቺ «ትንሽ» የምትባለው ቃል ናት፤ ዓመት ሙሉ ትንሽ ሆና አላለቀችም።

* * *

በማግስቱ የአጎቷን ጀርባ በዘይት እያሸች፣ ዶክተሩን ለምን ከዚህ አውጣኝ አይሉትም ብላ ጠየቀቻቸው። ስለ ሻይ ቅጠሉ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። መልሳ ጠየቀቻቸው። ስለ እናቷ ጤና ጠየቋት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቃቸው ከጎን ያለው በሽተኛ መተኛቱን አይተው እጇን ያዙ።

«ልጁ ብቻውን መጣ» አሉ። «በርጩማውን ስቦ ከአልጋዬ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘና ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት አለኝ። እናትሽ የእናንተን ነገር በጆሮዬ ሹክ ብላኝ ነበር። እና ምን ልበለው? ከእኔ መጀመሪያ የጠየቀውን ነገር እምቢ ብዬ፣ ነገ አጎቱ ሲመጣ በየትኛው ፊቴ ላናግረው?»

አቱፔሌ ወደ ፊታቸው ጠጋ አለች። «ያነበበልዎትን አልሰሙም?»

«እጁን ነበር የማየው። ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ልጅ የእህቴን ልጅ ይወዳታል አልኩ በልቤ። ከዚያ በኋላ ያነበበው አልገባኝም።»

ደህና ነኝ የሚሉትም ለዚያ ነው። አማቻቸው ሊሆን ያለን ልጅ በአለቆቹ ፊት፣ አሞኛል፣ ሰልችቶኛል፣ ፍታኝ ብለው ሊያሳፍሩት አይፈልጉም። እንዳትነግሪው አሏት። በእናቷ ስም አስማሏት። ማለች። ስትምል ግን እግሯ ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

* * *

ቢሮው ውስጥ ብቻውን አገኘችው። በሩን ሳትዘጋ ገባች። ከሰማችው አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ በርጩማውን፣ ሁለት እጁን፣ መንቀጥቀጡን። እየሰማት ቀስ እያለ ተቀመጠ። ፊቱ ሲለወጥ አየች፤ ይህን ፊት ለበሽተኛ ቤተሰብ መርዶ ሲነግር አይታው ታውቃለች።

«እጄ የተንቀጠቀጠው አጎትሽ መሆናቸውን ስለማውቅ ነው» አለ። «እሳቸው ስለ እኛ ያውቃሉ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

«አንተ ስትደብቅ ሁሉም ሰው የሚደብቅ ይመስልሃል።»

«ሌላ ሰው ሊጠይቃቸው ይገባ ነበር። ደንቡም እንዲያ ነው። በጠያቂውና በተጠያቂው መካከል ምንም ነገር መኖር የለበትም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አለች አቱፔሌ። ድምፅዋ እንደማይጮህ ሲገባት ራሷም ገረማት። «ለአንድ ሰው። ይህቺ ልጅ የኔ ናት፣ አጎቷን ሌላ ሐኪም ይጠይቅልኝ ብትል አንድ ትንፋሽ ነው። ሌላ ሐኪም ቢመጣ አጎቴ ያዳምጡት ነበር። እሺም ይሉ ነበር፣ እምቢም ይሉ ነበር፣ ግን አዳምጠው። አንተ እኔን ከደበቅክበት ቦታ ላይ ነው እኮ እሳቸው የተኙት።»

ሊምባኒ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሁለት ዓመት የሠራበት ጥናት እንደሆነ፣ ይህን ከተናገረ ጥናቱን እንደሚነጥቁት፣ የጥናቱ ኃላፊ ፕሮፌሰር ምሶሳ ይቅር የሚሉ ሴት እንዳልሆኑ ነገራት። ለእሷ ይንገራት ለራሱ አልለየም። ከዚያ ቀና ብሎ አፉን ሲከፍት ምን ሊል እንደሆነ አወቀች።

«ያቺን ቃል እንዳትላት» አለችው። «ሌላ የፈለግከውን በል።»

መልሶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወጣች። ኮሪደሩን ስታቋርጥ ዝም እንደሚል እርግጠኛ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉውን ቀድማ የምታስበው፣ ሲመጣ እንዳይከብዳት ነበር። ይኸው መጣ፤ ምንም አልቀለላትም።

* * *

ሰኞ ጠዋት ዙሩን የመሩት ፕሮፌሰር ምሶሳ ራሳቸው ናቸው። አጭር ሴት ናቸው፤ ሲራመዱ ረጃጅሞቹ ሐኪሞች ይሮጣሉ። አጎቷ አልጋ ጋ ሲደርሱ ሊምባኒ እንደ ወትሮው ገመዱን አልነካም። እጁን ወደ ጎኑ አድርጎ ቆመ። አቱፔሌ ግድግዳዋን ተጠግታ መሬቱን ታይ ነበር።

«ፕሮፌሰር» አለ፣ «እኚህን ሰው ፈቃድ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። መጠየቅ አልነበረብኝም። የእህታቸውን ልጅ፣ አቱፔሌን፣ ላገባት እፈልጋለሁ። ያኔም እፈልግ ነበር። ደብቄያችሁ ነው።»

በማዶ አልጋ የሚያጎርሱ አንዲት አስታማሚ ማንኪያውን በሽተኛቸው አፍ ደጃፍ ላይ አቆሙት፤ በሽተኛውም አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ሁሉም ዞሮ አቱፔሌን አየ። ዓመት ሙሉ በሰው ፊት እንድትታይ ስትመኝ ኖራ፣ አሁን አንሶላ ብታገኝ ትሸፈንበት ነበር።

ፕሮፌሰር ምሶሳ አልጮሁም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። የጥናቱን ሥራ በሙሉ ዛሬውኑ እንዲያስረክብ፣ የሱን ነገር ኮሚቴ እንደሚያየው፣ አሁን ከዙሩ እንዲወጣ ነገሩት። ከዚያም በጥናቱ ውስጥ እጃቸው የሌለበት አንዲት ሐኪም ከሴቶች ክፍል አስጠሩ።

ሐኪሟ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ለአጎቷ እንደ አዲስ ነገሯቸው። አጎቷ በዚህ ጊዜ አዳመጡ። የለቃሚዎቹን ሻይ ቅጠል እንደሚመረምሩ እያንዳንዱን ነገር አገላብጠው ጠየቁ፤ ሳነክስ እቀራለሁ ወይ፣ የሾፌሩ መግል ከምን መጣ፣ ብወጣ ትቀየሙኛላችሁ ወይ። ማንም እንደማይቀየም ተነገራቸው። ግን አጥንቱ መያያዝ ጀምሯል። አሁን ከፍቶ ብረት ማስገባት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። መጀመሪያ ላይ ቢሆን ሁለቱም መንገድ ክፍት ነበር፤ ዛሬ የሚሻለው ገመዱን መጨረስ ነው።

አቱፔሌ ይህንን ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች። እውነቱ ተነግሮ፣ ሰው ሁሉ ሰምቶ፣ አንድ ሰው ጥናቱን አጥቶ፣ ከረጢቱ ያው እዚያው ተንጠልጥሏል።

«እንግዲያው ገመዱ ይቆይ» አሉ አጎቷ በመጨረሻ። «ከጥናቱ ግን አውጡኝ። ያልሰማሁትን ነገር እሺ ብያለሁ መባል አልፈልግም።»

ሐኪሟ ሲነሱ አጎቷ አንገታቸውን አቃንተው ወደ በሩ አዩ። ሊምባኒ ከዙሩ ቢወጣም አልሄደም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ና ግባ አሉት።

«በሰው ፊት መናገርህ ደግ ነው» አሉት። «ግን እኔን አልጠየቅከኝም፣ አወጅክ እንጂ። ይህ ያንተ ሥራ አይደለም፣ የአጎትህ ነው። ላከው።»

አቱፔሌ ሳታስበው ቃል አመለጣት። «አጎቴ፣ እስኪነሱ...»

«ለምን እስክነሳ? እግሬ ነው እንዴ የሚናገርልሽ?» አሉ። «ተኝቼም አነጋግረዋለሁ። እስኪነሱ የምትሉት እናንተ ናችሁ እንጂ እኔን የጠየቀኝ የለም።»

ለካ ያ ሁሉ ጭንቀት በራሷ ሐሳብ ብቻ የቆመ ነበር። አቱፔሌ ማንን እንደምትወቅስ አጣች። ሳህኖቿን ሰብስባ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ሊምባኒ ተከተላት። በደረቱ ላይ የነበረው የስሙ ካርድ የለም። ለእናቱ ትናንት እንደነገራቸው፣ ሳያናግሩት በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ሊሎንግዌ እንደተመለሱ፣ ፋርማሲስቷም አብራቸው እንደሄደች ነገራት። እሱን ምናልባት ሩቅ ቆላ ወዳለችው ንሳንጄ፣ ወደዚያ ሙቀት ይልኩት ይሆናል። አጎቱን ግን በዚህ ሳምንት ይልካል። ሰው ይመላለሳል፤ ነርሶች፣ አስታማሚዎች፣ ወለል የምታጥብ ሴት። ሊምባኒ መንገዱን አላየም። እጁን ዘረጋላት።

አቱፔሌ እጁን አየችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። በልቧ ውስጥ ግን የአጎቷ የቀላ ጀርባ ነበረ፣ የቀደደችው ደብዳቤ ነበረ፣ በየፌርማታው ቆማ ያሳለፈችው ያ ሁሉ ጊዜ ነበረ።

«ይህቺን ለማድረግ ነው ዓመት ሙሉ የፈጀብህ?» አለችው።

እጁን አልመለሰም። ሳህኖቹን መሬት ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችውና በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰች። አስታማሚዎቹ ልጅቱ በደስታ አለቀሰች ብለው ለመጠለያው ሁሉ አወሩ። ንዴት እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እየተናደደች እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።